ማሽኑ የለካው፣ ሰዓቱ የገመተው፦ የትሬድሚል መዝገብ ተረትና እውነታ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ ሰው ውርጭ ይቀበለዋል። ሥራ ውሎ ማታ ላይ መንቀሳቀስ የሚፈልግ፣ በጨለማ ብቻዋን መሮጥ የማትደፍር፣ ጉልበቱን በኮረኮንች መንገድ መፈተን የማይሻ ሁሉ ጂም ገብቶ ትሬድሚል ላይ ቢወጣ በቂ ምክንያት አለው። ከእነዚህ መካከል እጁ ላይ ስማርት ሰዓት አስሮ፣ ስልኩ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጭኖ የሚመጣ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ከማሽኑ ሲወረድ ነው። ለአንድ ግማሽ ሰዓት የማሽኑ መስኮት አንድ ቁጥር ያሳያል፣ ሰዓቱ ሌላ፣ አፑ ሦስተኛ። ሰው ከሦስቱ ትልቁን መርጦ ይጽፍና በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይበላል። ከወር በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምንም አልቀነሰም። ከዚያ ወይ ስፖርቱን ይተዋል፣ ወይ «ሰውነቴ እምቢ አለ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ የተሳሳተው መዝገቡ እንጂ ሰውነቱ አይደለምና።

መዝገቡን ለማቃናት የተለካውን ከተገመተው መለየት ያስፈልጋል። ትሬድሚል የሚያውቀው ጊዜን፣ የሚሽከረከረውን ላስቲክ ፍጥነትና የወለሉን ተዳፋት ነው። ርቀቱም ከፍጥነትና ከጊዜ ይወጣል። ካሎሪን ግን ማሽኑም ሰዓቱም ያሰላሉ እንጂ አይለኩም። የአንድን ሯጭ ካሎሪ በእውነት ለመለካት አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ የሚጠቀምበትን ኦክሲጅንና የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ በዚህ መንገድ ፈትሸዋል። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ። ካሎሪን ግን አንዱም በአግባቡ አልገመተም፤ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93 በመቶ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ሰዓቶች ወጥተዋል፤ የካሎሪው ቁጥር ግን ዛሬም ስሌት ነው።

«ማሽኑ ላይ የተጻፈው ካሎሪ የኔ ነው»

ክብደታችሁን ካልነገራችሁት ማሽኑ ፋብሪካው የሞላለትን ክብደት ይዞ ያሰላል። የተሞላው 70 ኪሎ ቢሆንና የወጣችበት ሴት 55 ኪሎ ብትመዝን ቁጥሩ በ27 በመቶ ያህል ተጋንኖ ይወጣል። በፓውንድ የሚቆጥር ማሽን ላይ በኪሎ አስቦ 60 ብሎ የሞላ ሰው ደግሞ 27 ኪሎ እንደሚመዝን ልጅ ተቆጥሮ ይወርዳል። ስለዚህ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት የመለኪያውን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ስሕተት እንደዚህ በቀላሉ አይታይም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትራመድ፣ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በሚጠቀምበት ቀመር ወደ 105 ካሎሪ ታወጣለች። ከዚህ ውስጥ 30 ያህሉን ግን ያን ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጣ ብታሳልፈውም ታወጣው ነበር፤ ልብ፣ አንጎልና ጉበት ሥራ ፈትተው አያውቁም። እርምጃው የጨመረላት 75 ነው። የካሎሪ አፕ የቀኑን መነሻ ፍጆታዋን ቀድሞ ቆጥሮታል፤ 105ቱን እንዳለ ስትጨምርበት 30ው ሁለት ጊዜ ይገባል። ለአንድ ቀን ኢምንት ይመስላል፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲደጋገም ግን 150 ይሆናል።

«ላስቲኩ ራሱ ስለሚሄድ ድካሙ የውሸት ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ የሚሮጡ ጎበዞች ናቸው፤ ሆኖም ልክ አይደሉም። በእኩል ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን በዋናነት የሚያወጣው በየእርምጃው የገዛ ክብደቱን ተሸክሞ ለመነሣትና ለማረፍ ነው። መሬቱ ቢቆምም ላስቲኩ ወደ ኋላ ቢሄድም ይህ ሥራ አይቀርለትም። በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ሯጩ ሜዳ ላይ እየሰነጠቀው የሚያልፈው አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆንስና ዱስት የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የማሽኑን ወለል 1 በመቶ ማዘንበል ያን ልዩነት እንደሚያካክስ አሳዩ፤ «ሁልጊዜ አንድ ላይ አድርገው» የሚለው የጂም ምክር የመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን የተፈተኑት ሯጮች በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጡ ነበሩ። ለሚራመድ ሰው ማካካሻው አያስፈልገውም። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሜዳ ላይ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞም በዚያው መጠን ያነሰ ነው።

ይልቅ መጠራጠር የሚገባው የማሽኑ ፍጥነት እውነት መሆኑን ነው። ብዙ ያገለገለ ማሽን ላስቲኩ ይላላል፤ ሰው ሲወጣበትም ይጎተታል። መፈተሻው ቀላል ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የላስቲኩን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ 3.2 ሜትር ሆነ እንበል። ጠርዙ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። አንድ ሰው ወጥቶ በ8 ኪሎ ሜትር ይሩጥበት፣ ሌላው ፕላስተሩ 20 ጊዜ እስኪዞር ሰዓት ይያዝ። ሃያ ዙር 64 ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በእርግጥ 8 ከሆነ 29 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 31 ሰከንድ ከፈጀ ግን እውነተኛው ፍጥነት 7.4 ነው፤ መስኮቱ «5 ኪሎ ሜትር» ሲል የተሮጠው ከ4.7 አያልፍም። ባዶውን ማሽን ፈትሾ መተማመን ግን አይበቃም፤ የሚጎተተው ክብደት ሲያርፍበት ነውና።

«ሰዓቱ ዳገቱን ያውቃል»

መዝገብን የሚያበላሸው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ዳገት ለሚያውቅ የአንኮበር ሰው። ከአልዩ አምባ ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚወጣ መንገደኛ ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ሰዓት ቢያስር፣ ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ መውጣቱን ያውቅለታል፤ የሳተላይት መቀበያውም ቦታውን ይከታተላል። ሰውየው ያን ያህል ከደከመ መዝገቡም ይመሰክርለታል።

ያንኑ ሰዓት አስሮ ደብረ ብርሃን ጂም ውስጥ ወለሉን 10 በመቶ አዘንብሎ ቢራመድ ግን ሰውነቱ ከመሬት ከፍ አላለምና የአየሩ ግፊት አይለወጥም። ሰዓቱ የሚመዘግበው የወጣ ከፍታ ዜሮ ነው። የእጁን መወዛወዝ ቆጥሮ የሜዳ እርምጃ አድርጎ ይጽፈዋል፤ የልብ ምቱ መጨመር ብቻ ነው ጥቂት የሚያነቃው። እውነቱ ደግሞ ሌላ ነው። ቀድሞ የጠቀስናት 60 ኪሎ ሴት በዚያው በ5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ለዚያው ግማሽ ሰዓት፣ ግን በ10 በመቶ ተዳፋት ብትራመድ ወደ 240 ካሎሪ ታወጣለች፤ ከሜዳው ከእጥፍ በላይ። ሽቅብ ቢቆጠር 250 ሜትር ወጥታለች ማለት ነው። አፑ ውስጥ «እርምጃ፣ 30 ደቂቃ» ብላ ብቻ ከጻፈች ከልፋቷ ግማሽ በላይ የሆነው ጠፋ። ስለዚህ ማስታወሻው ላይ «5.0፣ 10 በመቶ፣ 30 ደቂቃ» ብላ መጻፍ አለባት፤ ተዳፋቱ በየደቂቃው የሚቀያየር ፕሮግራም ከሆነም እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ወለሉን 12 ላይ ሰቅሎ የፊት ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ወደ ኋላ ተለጥጦ የሚራመድ ሰው በየጂሙ አለ። እጁ ከክብደቱ ከፊሉን ተሸክሞለታል፣ ገላውም ከወለሉ ጋር አብሮ ስለተጋደመ ዳገቱ ለእሱ ዳገት መሆኑ ቀርቷል። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ የ12ቱን ሙሉ ካሎሪ ይሰጠዋል። ሰዓቱም እጅ ስላልተወዛወዘ እርምጃ አይቆጥርለትም። ብረቱን ሳይዝ መራመድ ካልቻለ ተዳፋቱን ወደ 6 ማውረዱ ለሰውነቱም ለመዝገቡም ይሻለዋል። ሚዛኑን መጠበቅ ለሚቸግረው አዛውንት ብረቱን መያዝ ግዴታ ነው፤ እሱ ደቂቃውን ይጻፍ፣ ካሎሪውን ይተው።

ስልክን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ እርምጃ ይቆጥርልኛል ማለትም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ስልክ የሚቆጥረው የለም። ሰዓቱንም ከመጀመር በፊት «ትሬድሚል» ወይም «የቤት ውስጥ» የሚለው ላይ ማድረግ ይገባል። ሜዳ ላይ የሚል ሥራ ተመርጦ ጣሪያ ሥር ከተሮጠ ሳተላይት ፍለጋ ይባዝንና ያልተሄደ መንገድ ሊስል ይችላል። ሰዓቱ የእርምጃችሁን ርዝመት እንዲማር አንድ ቀን ከቤት ውጭ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳተላይቱን ከፍታችሁ ተራመዱ ወይም ሩጡ። አንዳንድ ሰዓቶች ሩጫው ሲያልቅ የማሽኑን ርቀት አስገብታችሁ እንድታርሙ ይጠይቃሉ፤ ላስቲኩ ከተፈተሸ በኋላ ይህን ማድረግ መልካም ነው።

«ልቤ በፍጥነት ከመታ ብዙ ካሎሪ አቃጥያለሁ»

ሰዓቱ የልብ ምትን የሚያነበው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርቶ ከሥሩ የሚያልፈውን ደም በመከታተል ነው። በብርድ ጊዜ ሰውነት ደሙን ከእጅና ከእግር ወደ ውስጥ ይሰበስባል። በኅዳር ማለዳ ከቤት ወጥቶ እጁ ቆርፍዶ ጂም የደረሰ ሰው ሰዓቱ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቢሳሳት አይገርምም። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ አሟሙቁ፤ ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሳታላሉ እሰሩት። ሌላም ምልክት አለ፦ በሩጫ ላይ የልብ ምቱ ድንገት ዘሎ 165 ወይም 170 ላይ ተተክሎ ከቀረ በአንድ ደቂቃ ስንት እርምጃ እንደምትረግጡ ቁጠሩ። ቁጥሮቹ ከገጠሙ ሰዓቱ የሚቆጥረው የእግራችሁን ምት ነው። ትክክለኛ የልብ ምት የሚፈልግ ሰው ደረት ላይ የሚታሰረውን ይግዛ።

የከፍታው ነገር ከዚህ ይበልጥ ይወሳሰባል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ከቆላ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል። 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከሸዋ ሮቢት እንኳ የሚመጣው ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ወጥቶ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ልቡ ያንን ለማካካስ ይፈጥናል። በዚያው በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ ጡንቻው የሚጠይቀው ኦክሲጅን ግን ብዙም አልተለወጠም። ሰዓቱ የልቡን ፍጥነት አይቶ ብዙ ካሎሪ ይጽፍለታል፤ ያ ጭማሪ የለም። ሳምንታት አልፈው ልቡ ሲረጋጋ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ተማሪውም «ደከምኩ» ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ሰውነቱ አገሩን እየለመደ መሆኑ ነው። በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰዎቹ ሄሞግሎቢንም የደማቸው የኦክሲጅን መጠንም በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። ለአንድ ፍጥነት አንድ ልብ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ሰውየው የዛሬውን ልቡን ከራሱ የትናንት ልብ ጋር ያወዳድር።

«የትውልድ ዘመኔን በትክክል ሞልቻለሁ»

ስለዚህ ጉዳይ የፈረንጅ መመሪያ አይነግረንም፤ እኛው ለእኛው መነጋገር አለብን። አፑ የትውልድ ዘመን ሲጠይቅ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት 1990 ብሎ ከሞላ አፑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። 28 ዓመቱ ከሆነ 35 ወይም 36 ነው ብሎ ይይዘዋል። ብዙ አፖች የቀን መነሻ ፍጆታን የሚያወጡበት የሚፍሊን ቀመር ለእያንዳንዱ ዓመት 5 ካሎሪ ስለሚቀንስ በቀን ከ35 እስከ 40 ካሎሪ ይጎድልበታል። የልብ ምት ጣሪያውም በተለመደው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ስሌት 192 መሆን ሲገባው 185 ወይም 184 ይሆናል፤ ሰዓቱ «ከባድ ልምምድ» የሚለው ክልልም አብሮ ይወርዳል። መጠነኛ ሩጫ ሮጦ ከባድ ሠራህ ይባላል። እርማቱ እነሆ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7 ይደምር፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8።

የሰዓት አቆጣጠሩም ያው ነው። ከጠዋቱ 12፡30 የተሮጠውን በእጁ ሲያስገባ 12፡30 ብሎ የጻፈ ሰው አፑ ውስጥ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ሮጧል። ካሎሪው በዚህ አይለወጥም፤ ጣጣው ሌላ ነው። አንዳንድ አፖች ከሰዓቱ የመጣውንና በእጅ የተጻፈውን አንድ ልምምድ መሆኑን የሚለዩት በተጀመረበት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ከተራራቁ ሁለት ሩጫ አድርገው ይደምሯቸዋል።

ድርብ ቆጠራ በሌላም በር ይገባል። አፑን ሲከፍት «በጣም ንቁ ነኝ» የሚለውን የመረጠ ሰው የዕለት ስፖርቱን በዚያ ውስጥ አስቆጥሯል፤ በየቀኑ ደግሞ ትሬድሚሉን ከጨመረ ሁለቴ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። እኔ የምመርጠው ከስፖርቱ ውጭ ያለውን ኑሮ በእውነት ሞልቶ ልምምዱን ለብቻ መጻፍ ነው። ቀኑን ቢሮ ተቀምጦ የሚውል እንደዚያው ይሙላ፤ ውሃና እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ የአንኮበር እናት ግን «ተቀማጭ» የሚለውን ብትመርጥ ራሷን ትበድላለች።

«ላብ ስብ ነው»

አይደለም። ወፍራም ጃኬት ደርቦ ወይም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ትሬድሚል ላይ የሚወጣ ሰው ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ውሃ ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ሙቀቱ ግን ልብን ስለሚያፈጥን ሰዓቱ ካሎሪውን ከፍ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። አልፎ ተርፎ አደገኛ ነው፤ ማዞርና ራስን መሳት ያመጣል።

«10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም»

ይህ ቁጥር ከሐኪም ቤት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1965 ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» የሚል ስም የሰጠውን መቁጠሪያ ገበያ ላይ አዋለ። ዘመኑ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት ነበር።  እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በ16,741 አረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ብቻ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ መሆኑን አሳየ፤ ልዩነቱ እስከ 7,500 ገደማ እየሰፋ ሄዶ ከዚያ በኋላ ቆመ። 6,000 ላይ የደረሰች እናት ለመሙላት ብላ ማታ በደከመ ጉልበቷ ማሽን ላይ መውጣት የለባትም።

«የሮጥኩትን ያህል መብላት እችላለሁ»

የልምምዱ ወገን ምንም ቢጣራ የምግቡ ወገን ካልተጣራ ሒሳቡ አይገጥምም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ያች ሴት ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ተራምዳ ከጨመረችው 75 ይበልጣል። የጾም ወጥ ደግሞ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ አይገባም። አፑ ውስጥ «እንጀራ» ብሎ ሲፈለግ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሌላ ተጠቃሚ የሞላው ቁጥር ነው፤ «አንድ እንጀራ» ያለው ውጭ አገር በትንሽ ምጣድ የተጋገረውን ይሆናል። በግራም መዝኖ ማስገባት ይሻላል። የእንጀራ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ስለሆነ 100 ግራም እንጀራን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብሎ መመዝገብ ቁጥሩን በእጥፍ ያሳድገዋል። በሶና ቆሎ በተቃራኒው ደረቅ ናቸው፤ አንድ እፍኝ ከምትመስለው በላይ ካሎሪ ትይዛለች፤ በሶው በቅቤ ከታሸ ደግሞ ይበልጥ። የእንጀራችንን፣ የወጣችንንና የእህላችንን ይዘት የሚያሳዩ የአገር ውስጥ ሠንጠረዦች በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ዘመን ተዘጋጅተው ታትመዋል፤ ከማይታወቅ ሰው ቁጥር እነሱን ማመን ይገባል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ግምቱ ግምት ነው። ስለዚህ አፑን የሚያርመው ሚዛን ነው። ጠዋት ተነሥታችሁ፣ ሳትበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዘኑ፤ የሳምንቱን አማካይ ጻፉ። አፑ «በየቀኑ 400 ጎድሎብሃል» እያለ አራት ሳምንት ሙሉ አማካዩ ካልተነቃነቀ፣ ያ 400 የለም፤ የቀኑን ገደብ በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ስንት ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት፣ በምን ተዳፋት እንደሠራችሁ የተጻፈ ካለ ጉድለቱ ከልምምዱ ይሁን ከምግቡ መለየት ይቻላል። መብራት ሄዶ ማሽኑ ሲጠፋ የመስኮቱ ቁጥር አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል በየአሥር ደቂቃው ማየት፣ ሲያልቅም ከማቆሚያው ቁልፍ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል።

የጾመኛ ሚዛን ግን ለብቻው ይታይ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የሚበላበት ሰዓት ይለወጣል፣ ሥጋና ቅቤ ይወጣሉ። ፋሲካ ሲገባ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ሚዛኑ ሊዘል ይችላል። ጡንቻና ጉበት የሚያጠራቅሙት ስኳር በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ጨውም ውሃ ስለሚያስቀር፣ ያ ጭማሪ ባብዛኛው ስብ አይደለም። የጾሙን ሳምንታት እርስ በርሳቸው አወዳድሩ፤ የፍስኩን መነሻ ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ካለው ሳምንት ጀምራችሁ ያዙ።